ወታደር የተቀረጸበት የስብከት መድረክ፦ የበርሊኑ የሉተር መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ጉብኝት

በደቡብ በርሊን፣ ማሪንዶርፍ በተባለው ሰፈር የሚገኘው የማርቲን ሉተር መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መደበኛ የእሑድ አምልኮ አይካሄድበትም፤ የአጥቢያው ሰዎች እየጠበቁት በአስጎብኚ ያሳዩታል። ሃይማኖትና መገናኛ ብዙኃን ለቀኝ አክራሪ አምባገነንነት እንዴት ጉልበት እንደሚሆኑ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በበርሊን አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ቢኖረው፣ ከታላላቆቹ ሙዚየሞች አስቀድሞ ወደዚህ እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ሙዚየሞቹ ስለዚያ ዘመን የሚናገሩ ሰነዶችን ሰብስበው ያቀርባሉ፤ እዚህ ግን ሰነዱ ሕንፃው ራሱ ነው። ሰዎች ልጆቻቸውን ያስጠመቁበት፣ ቃል ኪዳን የገቡበት፣ ሙታናቸውን የሸኙበት ቤት የናዚን አገዛዝ ምልክቶች ከመስቀሉ ጋር አዋሕዶ እንደያዘ ዛሬም ይታያል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑን የመሥራቱ ሐሳብ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ በፊት የነበረ ቢሆንም ግንባታው የተጀመረው በ1933 ነው፤ የተመረቀውም ዲሴምበር 22 ቀን 1935 ነው። ከውጭ ለሚያየው በዘመኑ ከተሠሩት ሌሎች የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከመግቢያው አዳራሽ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት የተሠራው የጀርመን ጦር ለጀግኖቹ በሚሰጠው የብረት መስቀል ኒሻን ቅርጽ ነው፤ በግድግዳው ላይ የሉተርና የፊልድ ማርሻል ሂንደንቡርግ ምስሎች ይታያሉ፤ በዚያው አዳራሽ የነበረው የሂትለር ምስል ግን ከጦርነቱ በኋላ ተነሥቷል። ወደ ውስጥ ሲገባ መቅደሱን ከምእመናኑ መቀመጫ የሚለየው ትልቅ ቅስት ስምንት መቶ በሚያህሉ የሸክላ ንጣፎች ተሸፍኗል። የእሾህ አክሊልን የመሰሉ የክርስትና ምልክቶች፣ የመንግሥቱ ንስርና የራስ ቁር የደፋ ወታደር ፊት በአንድ መጠን፣ በአንድ ቀለም፣ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። ስዋስቲካዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ተፍቀው ጠፍተዋል፤ የተፋቁበት ቦታ ግን ባዶውን እንደቀረ ነው፣ ሌላ ነገር አልተተካበትም። ይህን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ። ቅስቱ በሙሉ ፈርሶ በነጭ ኖራ ተለስኖ ቢሆን ኖሮ እዚህ የሆነውን የሚነግረን ነገር ባልተረፈም ነበር።

ጎብኚው ጊዜ ወስዶ ሊያየው የሚገባው ግን ሰባኪው የሚቆምበትን ከእንጨት የተቀረጸ መድረክ ነው። የቅርጹ ጭብጥ የተራራው ስብከት ነው፤ ክርስቶስ ቆሞ ያስተምራል፣ ሕዝቡም ከቦ ያዳምጠዋል። ከአድማጮቹ መካከል እናት ከልጇ ጋር አለች፣ ሽማግሌ አለ፣ በዚያ ዘመን የሂትለር ወጣቶች ማኅበር አባላት የሚለብሱትን የለበሰ ልጅ አለ፣ የብረት ቁሩን እንደደፋ የቆመ ወታደርም አለ። ጠራቢው ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ከልብሱ እጥፋት ጀምሮ ያስታውቃል፤ የወታደሩ ፊት የተገራ፣ የሚያዳምጥ፣ ጨዋ ፊት ነው። የመድረኩ ኃይል ያለውም እዚህ ላይ ነው። ወታደሩ ክርስቶስን ሲያስፈራራ ወይም ሲቃወም አልተቀረጸም፤ ደቀ መዝሙር ሆኖ ነው የተቀረጸው። በየሳምንቱ እዚህ ተቀምጦ ወንጌል የሚሰማ ምእመን «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» የሚለውን ቃል በጆሮው እየሰማ፣ በዓይኑ ደግሞ የታጠቀውን ሰው ከብፁዓኑ መካከል ያየው ነበር። ከመጠመቂያው ገንዳ ጋር የተቀረጸውም የናዚ ሚሊሻ፣ ኤስኤ የሚባለው ቡድን አባል፣ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ በአክብሮት ቆሟል። ሕፃኑ በሚጠመቅበት ሰዓት ይህ ሰው ምስክር ሆኖ እንዲቆም ተደርጓል ማለት ነው። ከመሠዊያው በላይ ያለው ስቅለትም ጡንቻው የፈረጠመ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሥቃይ የማይታይበት ክርስቶስ ነው፤ ከሚሞት ይልቅ ድል የሚነሣ አትሌት ይመስላል።

ኦርጋኑን ብቻ በተመለከተ አስጎብኚው የሚናገረው ታሪክ ለጉብኝቱ የሚወጣውን ጊዜ ሁሉ ይክሳል። መሣሪያው እዚህ ከመተከሉ በፊት በሴፕቴምበር 1935 በኑረምበርግ በተካሄደው የናዚ ፓርቲ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ተጫውቷል። የአይሁድን ዜግነት የገፈፉት፣ አይሁዳዊና ጀርመናዊ እንዳይጋቡ የከለከሉት የዘር ሕጎች የታወጁት በዚያው ጉባኤ ነው። ከዚያ መጥቶ ከጥቂት ወራት በኋላ በማሪንዶርፍ መዝሙር አጀበ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ነው ጎብኚውን ይዞት የሚወጣው፤ መልሱም ከሕንፃው ውጭ፣ በዋናነትም በሬዲዮው ውስጥ ይገኛል። ማርች 21 ቀን 1933 አዲሱ ምክር ቤት በፖትስዳም ሲከፈት ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደው በጋሪሰን ቤተ ክርስቲያን፣ በፕሩሲያ ነገሥታት መቃብር ዘንድ ነበር። ሂትለር የፊልድ ማርሻልነት የደንብ ልብሱን ለብሶ የመጣውን የሽማግሌውን ፕሬዚዳንት የሂንደንቡርግን እጅ አጎንብሶ ጨበጠ፤ ሥርጭቱ በሬዲዮ በመላው አገሪቱ ተላለፈ፣ ካሜራዎችም ቀረጹት። ዝግጅቱን የቀየሰው ሥራ የጀመረ ገና ቀናት ብቻ የሆነው የጎብልስ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት በከተማይቱ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን የሰበኩት ኦቶ ዲቤሊዩስ የመረጡት ንባብ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ከሆነ ማን ይቃወመናል?» የሚለው የሮሜ መልእክት ቃል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሂትለር ያለ ምክር ቤት ሕግ የማውጣት ሥልጣን በድምፅ ብልጫ ተሰጠው። ዲቤሊዩስ በኋላ አገዛዙን ከተቃወሙት ወገን ተሰልፈዋል፣ ከጦርነቱም በኋላ የበርሊን ጳጳስ ሆነዋል፤ ያም ሆኖ በዚያ ጠዋት መድረኩ ለማን እንዳገለገለ መካድ አይቻልም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ በበርሊን የሬዲዮ ትርኢት ላይ «የሕዝብ ሬዲዮ» የተባለው ርካሽ መቀበያ ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 76 ማርክ ነበር፤ የሞዴል ቁጥሩ 301 የሆነውም ሂትለር መራሔ መንግሥት የሆነበትን ጃንዋሪ 30 እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። በ1938 ደግሞ ዋጋው 35 ማርክ ብቻ የሆነ ሌላ ትንሽ ሬዲዮ ተከተለ። ጎብልስ ትርኢቱን ሲከፍት ጋዜጣ ለአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን ሬዲዮ ለሃያኛው ይሆናል ብሎ ነበር። መሣሪያው በመጠኑ አነስተኛ፣ በአሠራሩ ቀላል ነበር፤ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቤተሰብ ሁሉ ይሰበሰብበት ነበር። ድሀው ጀርመናዊ ሬዲዮ በማግኘቱ ተደስቷል፣ በእርግጥም የሚያስደስት ነገር ነው፤ ሙዚቃ ነበረበት፣ የስፖርት ዜና ነበረበት። መሪው የሚናገርበት ሰዓት ሲደርስ ግን ያንኑ ድምፅ ከፋብሪካ እስከ አደባባይ ማምለጥ አይቻልም ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር በሴፕቴምበር 1939 የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ ወንጀል ሆነ።

ሬዲዮው ለቤተ ክርስቲያን ምርጫ የዋለበት አጋጣሚ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። በጁላይ 1933 የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የአጥቢያ ምክር ቤቶቻቸውን እንዲመርጡ ተጠሩ። «የጀርመን ክርስቲያኖች» የተባለው፣ ወንጌልን ከናዚ ርዕዮት ጋር ያጋባው ወገን ዕጩዎቹን አቀረበ። በድምፅ መስጫው ዋዜማ፣ ጁላይ 22 ቀን፣ ሂትለር ራሱ በሬዲዮ ቀርቦ ምእመናን ይህንኑ ወገን እንዲደግፉ ጠየቀ፤ በማግስቱም ወገኑ ከድምፁ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት የሆነ ነው። በሴፕቴምበር የፕሩሲያ ሲኖዶስ ከአይሁድ ዘር የተወለዱ ካህናት እንዲወገዱ ወሰነ፤ ሉድቪግ ሙለር በዊተንበርግ የመንግሥቱ ጳጳስ ተብሎ ተሾመ። በኖቬምበር በበርሊን የስፖርት አዳራሽ ሃያ ሺህ ያህል ሰው በተሰበሰበበት አንድ ተናጋሪ ብሉይ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ ሲል ጠየቀ። ዳዊት ሳይደገም በማይነጋበት አገር ለተወለደ አንባቢ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ በዚያም በጀርመን ብዙዎች ደንግጠው ከወገኑ ወጥተዋል። የማሪንዶርፉ ቅስትና መድረክ የተሠሩት እንግዲህ በዚህ አየር ውስጥ ነው። ይህን ቅርጽ ለመንቀፍ ከበርሊን ባለሥልጣናት በፊት የአጥቢያው ምእመናን ዕድል ነበራቸው፤ እነርሱ ግን ባርከው ተቀበሉት።

ሌላ ድምፅም ነበር፤ በሬዲዮ የቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ዲትሪክ ቦንሆፈር የተባለው ወጣት የነገረ መለኮት ምሁር ሂትለር በተሾመ በሁለተኛው ቀን በበርሊን ሬዲዮ ቀርቦ፣ ተከታዮቹ እንዲያመልኩት የሚፈቅድ መሪ አሳች እንደሚሆን የሚያስጠነቅቅ ንግግር ሲያደርግ ሳይጨርስ ሥርጭቱ ተቋረጠበት።

ለማሪንዶርፍ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዮኽን ክሌፐር ታሪክ ነው፤ አስጎብኚው በዝርዝር ስለተናገረበት በግሌ አመሰግነዋለሁ። ክሌፐር ዛሬም በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት የሚዘመሩ መዝሙሮችን የጻፈ ባለቅኔ ነው። በበርሊን ሬዲዮ ይሠራ ነበር፤ ሚስቱ ዮሐና አይሁዳዊት በመሆኗና እርሱም የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ አባል ስለነበረ በ1933 ከሥራው ተባረረ። ሬዲዮው ይህን ሰው ያስወጣው ለመሪው ድምፅ ቦታ በሚያስፋበት በዚያው ዓመት ነው። ዮሐና በዲሴምበር 1938 የተጠመቀችው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውም እዚሁ ተፈጸመ። ክርስቲያን በመሆኗ የዘር ሕጉ አልማራትም። ትንሿ ልጇ ልትጋዝ መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜ፣ በዲሴምበር 1942፣ ሦስቱም በአንድ ሌሊት ሕይወታቸውን አጠፉ። ያ ሚሊሻ ቆቡን ይዞ በቆመበት መጠመቂያ አጠገብ ቆሞ ይህን መስማት ቀላል አይደለም፤ ልጆች ይዘው የሚሄዱ ወላጆችም ይህንን አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሌላም ነገር ያስታውሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከመመረቁ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1935፣ በኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለኢትዮጵያ ወረራ የሚሰጡበት ቀን ተከብሮ ነበር። ንግሥት ኤሌና ቀለበቷን በሮም ሰጠች፣ በየከተማውም ካህናት በምትኩ የሚሰጠውን የብረት ቀለበት ባረኩ፣ ጳጳሳትም የራሳቸውን ወርቅ አዋጡ፤ ሬዲዮውና ጋዜጣውም በዓል አድርገው ዘገቡት። ከዚያም ቀደም ብሎ በኦክቶበር የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር ጦሩ የክርስቶስን መስቀል ይዞ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚገባ በካቴድራላቸው ሰብከው ነበር። ያ ጦር በሚቀጥለው ዓመት አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በጥይት ደበደበ፣ በ1937 ደግሞ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። ስለዚህ መስቀልና ማይክሮፎን ባንድ ላይ ለአምባገነን ሲቆሙ የሚያመጡት ጥፋት ለእኛ በባዕድ አገር የምናነበው ታሪክ አይደለም፤ የዚያ መድረክ ወታደር የእኛንም ደጅ ያውቀዋል።

ጉብኝቱን በተመለከተ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ሕንፃው የሚያሳየው ለዓይን የሚታየውን ብቻ ነው፤ ድምፁ የለም። በመግቢያው አዳራሽ ከእነዚያ ሬዲዮኖች አንዱ ቢቀመጥና የጁላይ 1933ቱ የምርጫ ዋዜማ ጉዳይ ቢነገርበት፣ ጎብኚው ምእመኑ ቅዳሜ ማታ በቤቱ የሰማውንና እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ያየውን አንድ ላይ ማገናኘት ይችል ነበር። ያለዚህ ግን ሁሉም ነገር የአንድ ጠራቢና የአንድ አጥቢያ ስሕተት መስሎ የመታየት አደጋ አለው። ሁለተኛው ነገር ተቃዋሚዎቹን የሚመለከት ነው። በሜይ 1934 በባርመን ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ በቀር ሌላ መሪ የላትም ብለው የተናገሩት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል፤ መግለጫቸው ግን ስለ አይሁድ ስደት አንድም ቃል አልያዘም። ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበሩት ማርቲን ኒሞለርም መጀመሪያ ለናዚ ፓርቲ ድምፅ ሰጥተው ነበር። አስጎብኚው ይህን ሲጠየቅ ሳይሸሽ መልሷል፤ ሳይጠየቅም ቢናገረው እመርጥ ነበር። ምክንያቱም ጎብኚው በቀላሉ ራሱን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆጥሮ ተጽናንቶ ሊወጣ ይችላል፤ የዚያ ዘመን ብዙኃን ምእመናን ግን ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ሬዲዮአቸውን ከፍተው፣ መዝሙራቸውን ዘምረው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ነበሩ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ቦታ ካለ የፖትስዳሙ ጋሪሰን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1945 በቦምብ ተቃጥሎ፣ ፍርስራሹም በ1968 በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ተነሥቶ ነበር፤ ግንቡ ከብዙ ክርክር በኋላ እንደገና ተሠርቶ በ2024 ተከፈተ፤ ስለ እምነት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ጦር የሚናገር ዐውደ ርእይም ተዘጋጅቶለታል። ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ያስደስታል፣ ጽሑፎቹም በጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው። ይሁን እንጂ አዲስ የተሠራ ግንብ ስለ አሮጌ ኃጢአት ሲናገር አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ማሪንዶርፍ ያላደሰውን ነገር ይዞ ስለቆየ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የሚችል ሰው ጠዋት ፖትስዳምን፣ ከሰዓት በኋላ ማሪንዶርፍን ቢያይ የታሪኩ ቅደም ተከተል ይጠበቅለታል።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ብቻ አለመሆኑንም ጀርመኖቹ ራሳቸው ያውቃሉ። በፌብሩዋሪ 2024 የአገሪቱ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ በአውግስበርግ ተሰብስቦ በዘር ላይ የቆመ ብሔርተኝነት ከክርስትና ጋር አይስማማም፣ ይህን የሚሰብኩ ፓርቲዎችም ለክርስቲያን የሚመረጡ አይደሉም ብሎ በአንድ ድምፅ ወስኗል፤ የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን መሪዎችም ተስማምተውበታል። በ1933 ያልተባለው ነገር ይህ ነበር።

ወደ ተግባራዊው ጉዳይ ስመለስ፣ ሕንፃው ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ የጉብኝት ቀኑን ከአጥቢያው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማሪንዶርፍ በዩ6 የምድር ውስጥ ባቡር ይደረሳል። ገለጻው በጀርመንኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን በደንብ የማይሰማ ሰው የሚያስተረጉምለት ሰው ይዞ ቢሄድ የአስጎብኚው ጥረት አያመልጠውም። በክረምት ሕንፃው ይበርዳል፣ ወፍራም ካፖርት ይያዝ። በበርሊንና በአካባቢዋ ያሉ የአማርኛ ተናጋሪ አጥቢያዎች፣ ኦርቶዶክስም ሆኑ ወንጌላውያን፣ የወጣት ክፍላቸውን ይዘው በቡድን ቢመዘገቡ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ከጀርመን ሉተራውያን ጋር በሚስዮን ሥራ የቆየ ዝምድና ስላላቸው ይህን የዘመዶቻቸውን ታሪክ ሊያውቁት ይገባል። ለቡድኑ መሪ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ከመድረኩ ፊት ሲደርሱ ገለጻውን ለጥቂት ጊዜ አስቁሞ፣ ወጣቶቹ በእንጨቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች አንድ በአንድ እንዲለዩ ጊዜ መስጠት ነው፤ ጥያቄዎቹ ከዚያ ይመጣሉ።